ኮከብ የሌላቸው አምስት ወረቀቶች

በሽኝቴ ቀን ጋቢ አለበሱኝ፤ ኬክም አስቆረሱኝ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ተነሥተው «ሲስተር ዘነበች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም የተሳሳተ ውጤት ሳታወጣ አገልግላለች» ሲሉ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። ከዚህ ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር ልክ አልነበረም። አንደኛ፣ እኔ ሲስተር አይደለሁም፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ግን ክሊኒክ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር፣ የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ሳስተካክል ሳስተካክል ደክሞኝ ገና ድሮ ትቼዋለሁ። ሁለተኛው የሚያስቅ አይደለም። ከሽኝቱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ የቆዩ ታካሚያችን ዓይናቸው እንደጠፋ ሰምቼ ነበር። ያወጣሁላቸው ቁጥር ሁሉ ልክ ነበር፤ ጥፋቴ ሌላ ቦታ ነው።

አሁን የምኖረው አያት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቴ ደረጃውን ስለማይወደው በቀን አንዴ ወርጄ አንዴ እወጣለሁ፤ የቀረውን ሰዓት በረንዳው ላይ ሆኜ ያለፈውን ሳመነዥክ እውላለሁ። ልጄ አንድ ቀን ታዘበችኝና «እማዬ፣ ለራስሽ ከምታወሪው ጻፊው» አለችኝ። ለራሴ እንደማወራ አላውቅም ነበር። እንግዲህ ይኸው ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩት ኮምቦልቻ አካባቢ በአንድ ጤና ጣቢያ ነው። ላቦራቶሪው አንድ ክፍል ነበረች፤ አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ስፒሪት መብራት፣ ወደ ገበያው መንገድ የሚያይ አንድ መስኮት፣ እና አቶ ተሰማ። አቶ ተሰማ ቀጭን፣ ረጅም፣ የጋዋናቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው የሚጠቀልሉ ሰው ነበሩ። ከጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም። እርሳሱን ረስተውት ቤታቸው ድረስ ሄደው ሚስታቸው የምታወርድላቸው ጊዜ ነበር።

በዚያን ጊዜ ስኳር የሚመረመረው በሽንት ነው። ሰማያዊውን ፈሳሽ በመስታወት ቱቦ እንቀዳለን፤ ጥቂት ጠብታ ሽንት እንጨምርበታለን፤ ከዚያ በስፒሪት መብራቱ ላይ እያወዛወዝን እናፈላዋለን። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ አለ፤ ቢጫ ከሆነ ጨመር ብሏል፤ ብርቱካን መስሎ ከዚያም የጡብ ቀለም ካመጣ ሰውየው ወደ ሐኪሙ ክፍል ይሮጣል። በመጀመሪያው ሳምንቴ የቱቦውን አፍ ወደ ራሴ አዙሬ ሳፈላ ገንፍሎ ጋዋኔን አበላሸው። አቶ ተሰማ አልተቆጡም። ወንበሬን ከነእኔ ገፋ አድርገው ወደ ግድግዳው አዞሩኝና «ግድግዳው ጋዋን የለውም፤ ወደ እሱ አፍዪ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቱቦ ወደ ሰው አዙሬ አላውቅም።

የእኒህ ሰው ትልቁ አመል አረንጓዴው ላይ ነበር። ሌላው ባለሙያ አረንጓዴ ሲያይ አንድ የመደመር ምልክት ጽፎ ያልፋል። እሳቸው ግን ሥራቸውን ሁሉ ትተው ይወጣሉ፤ ሰውየውን ከአግዳሚው ያስነሡና ክፍል አስገብተው በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል፤ ያዩትን ሦስት ጊዜ ይነግሩታል። ከዚያ እሱ ራሱ መልሶ እንዲነግራቸው ያደርጋሉ። ሰውየው በትክክል እስኪመልስ ድረስ ከበርጩማው መነሣት የለም። ሲጨርሱ ከመሳቢያቸው አንድ ሰማያዊ ደብተር ያወጡና ስሙን፣ መንደሩንና የሚመለስበትን ወር በእርሳስ ይጽፋሉ። ይህን ደብተር የመካከለኞች ደብተር ይሉት ነበር። በገበያ ቀን መስኮቱ ላይ ይቆሙና ከዚያ መንደር የሚመጣ ሰው ሲያልፍ ጠርተው «ለእገሌ ወሩ ደርሷል በሉት» እያሉ መልእክት ይልካሉ። ከመካከለኞቹ አንዳንዱ አቶ ተሰማን ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይር ነበር።

እኔ ልጅ ስለነበርኩ ይህ ሁሉ የሽማግሌ ነዝናዛነት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ይህን ያህል ምን ያደክምዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው በደብተሩ ላይ መታ መታ አደረጉ።

«ጡብ የሆነውን ሐኪሙ ይወስደዋል። ሰማያዊው በሰላም ቤቱ ይገባል። አረንጓዴው ማን አለው? እኔና አንቺ ብቻ ነን ያየነው።»

በደብተሩ ውስጥ ጨው የምትቸረችር አንዲት ወፍራም ሴት ነበረች። ሦስት ጊዜ ተልኮባት ሦስቴም ቀረች፤ በአራተኛው እየተሳደበች መጣች። ፈሳሹ እንደገና አረንጓዴ ሆነ። ሦስት ጊዜ ሰማች፣ ሦስት ጊዜ መለሰች፣ ሄደች። ከዓመት በኋላ ስትመጣ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር፤ ፈሳሹን ሳፈላው ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። አቶ ተሰማ ቱቦውን ከእጄ ወስደው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አሳዩዋት። ሴትየዋ ምኑም ሳይገባት ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ያን ቀን ሥራዬን ወደድኩት።

ስዘዋወር ሌላው ሰው ነጠላ ሲሸልመኝ አቶ ተሰማ አዲስ ደብተርና አንድ እርሳስ ሰጡኝ። እርሳሱ አጠር ያለ ነበር፤ ከራሳቸው ጆሮ ያወረዱት መሰለኝ።

አዲስ አበባ የመጣሁት የባለቤቴን ዝውውር ተከትዬ ነው። በከተማው ምሥራቅ በኩል በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ምርመራው ከሽንት ወደ ደም ተሻሽሎ ነበር፤ ቀለም ማየት ቀርቶ ቁጥር ማንበብ መጣ። አለቆቼ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል፤ ከሪፖርት በቀር የሚጠይቀኝ ስላልነበረ ደብተሬን ማንም አላወቀብኝም። ሁለት ደብተር ሞላሁ። ከዚያ ገርጂ ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ የላቦራቶሪ ኃላፊ ፈለገ። ደሞዙ እጥፍ ነበር፤ ሄድኩ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

የባቡሩ መስመር መገናኛ ላይ ገና እየተቆፈረ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት አቧራ ለብሼ በሚኒባስ ገርጂ እደርሳለሁ። ከክሊኒኩ ፊት ለፊት ጋሽ ሰይድ ሳፋ፣ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ጆግ በቀለም በቀለሙ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ደርድረው ይሸጣሉ። የወሎ ሰው ናቸው። ኮምቦልቻ መሥራቴን ከሰሙበት ቀን ወዲህ እህቴ እንጂ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። ሻይ ከእጃቸው አይለይም፤ ለራሳቸው አራት ማንኪያ ስኳር ጨምረው ያማስላሉ፤ ደንበኛ በመጣ ቁጥርም አብረው እንደገና ይጠጣሉ። ደንበኛቸው ደግሞ ብዙ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ክሊኒኩ ተሻግረው መጡ። መጾም እችላለሁ ወይ ብለው ነው። እናታቸው ስኳር ሳይታወቅባቸው ኖሮ መጨረሻ ላይ እግራቸውን ተቆርጠው ነው የሞቱት። ደማቸውን እየቀዳሁ ሳለ ክንዳቸውን ሳይሆን ፊቴን እያዩ ነበር።

«እናቴን ማንም ቀድሞ አልነገራትም» አሉኝ። «እኔ ግን የሚነግረኝ ካገኘሁ እሰማለሁ። ሻይዬን ያለ ስኳር ጠጣ ብትይኝ ከዛሬ ጀምሬ እጠጣለሁ። አንቺ ንገሪኝ ብቻ።»

እነግርዎታለሁ አልኩ። የዚያ ዓመት ቁጥራቸው ዘጠና ሰባት ነበር፤ ደህና ነዎት አልኳቸው፤ እውነትም ደህና ነበሩ።

እዚህ ላይ ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ስኳር የሚባለው ሕመም ብዙውን ጊዜ ድንገት ዘሎ የሚመጣ አይደለም። ከጤናው እስከ ሕመሙ ዓመታት የሚወስድ መንገድ አለ፤ መንገዱ ላይ ያለ ሰው ምንም አያመውም። ሳይበላ ያደረ ሰው በጠዋት ደሙ ሲለካ ከመቶ በታች ከሆነ ደህና ነው። መቶ ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲደገምም እንደዚያው ከተገኘ ስኳር ታሟል ይባላል። የመካከለኛው ቦታ ከመቶ እስከ መቶ ሃያ አምስት ነው። ይህን ቦታ በሌላም መንገድ ማየት ይቻላል፤ የተበጠበጠ ስኳር አጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ መለካት አለ፤ ያለፈውን ሦስት ወር አማካይ የሚያሳይ ምርመራም አለ። በአንዱ ሲለካ መካከለኛ የሆነ ሰው በሌላው ሲለካ ደህና ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም የሚለኩት አንዱን መንገድ ነው፣ ግን ከተለያየ በኩል። ስለዚህ ስሙ በዛ። ቅድመ ስኳር የሚለው አለ። የጾም ስኳር መዛባት የሚለው አለ። ስኳር የመቋቋም አቅም መቀነስ የሚለው አለ። ድንበር ላይ ነህ የሚል አለ፣ ጅማሮ የሚልም አለ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው አንዱ ከመቶ ሲጀምር ሌላው ከመቶ ዐሥር ይጀምራል። ከዚህ መንገድ መመለስ ይቻላል፤ ብዙ ሰው በእግሩ እየሄደ፣ ምግቡን እያስተካከለ ተመልሷል። እኔም ራሴ ዛሬ መቶ ስምንት ነኝ፤ በዚህ ጉልበት አያት አደባባይ ደርሼ የምመለሰው ለሽርሽር አይደለም።

የእኛ ክሊኒክ ውስጥ ሦስት ሐኪሞች ነበሩ፤ ሦስቱም ለዚህ ቦታ የየራሳቸው ስም ነበራቸው። ወጣቱ ሐኪም «ፕሪ ዳያቤቲስ» ይላል። የውስጥ ደዌ ሐኪሟ «የጾም ስኳር መዛባት» ብላ ትጽፋለች። ሽማግሌው ሐኪም ደግሞ የታካሚውን ትከሻ መታ አድርገው «ድንበር ላይ ነህ» ይላሉ። አንድ ቀን ከሲኤምሲ በኩል የምትመጣ የጨርቅ ነጋዴ ሦስቱም ዘንድ በተለያየ ጊዜ ታይታ የተጻፈላትን ሦስት ወረቀት ይዛ መጣችና በእንግዳ መቀበያው ላይ ዘረጋቻቸው። አንድ በሽታ ፍለጋ መጥቼ ሦስት ሰጣችሁኝ፣ አራተኛው ሳይጨመርልኝ ገንዘቤን መልሱ አለች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። ከሳቁት መካከል ሁለቱ የራሳቸውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ።

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰቡን። ሐኪሞቹ ከመቶ ነው ከመቶ ዐሥር ነው ተባብለው ተከራከሩ፤ ስሙ ይህ ነው ያ ነው ተባባሉ፤ ሳይስማሙ ተበተኑ። ሥራ አስኪያጁ ሲወጡ ይህ የስም ጭቅጭቅ ታካሚ ጆሮ እንዳይገባ ብቻ አሉ። እንዴት እንደማይገባ አልነገሩንም። ያን ጊዜ ትክክለኛው ሥራ ቀላል ነበር። ስሙ የቱም ይሁን ቦታው አንድ ነው ብሎ በአንድ ገጽ ጽፎ ለሦስቱም መስጠት ነበር። የሚያውቀው ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዐሥራ ምናምን ዓመት ደብተር የያዝኩት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት አዲሱ ማሽን መጣ። ውጤቱን ራሱ ያትማል፤ ከመደበኛው ወሰን ያለፈ ቁጥር ካለ ከጎኑ ኮከብ ያደርግበታል። የሚተክለው ቴክኒሻን ወሰኖቹን አንድ በአንድ እየጠየቀኝ ይሞላል። የጾም ስኳር ላይ ደረስን።

«ከሰባ እስከ መቶ ሃያ አምስት» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «መቶ አይደለም እንዴ?»

«መቶ ሃያ አምስት አድርገው።»

አደረገው። ማንም አላዘዘኝም። ኮከብ ያየ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ ሚስቱ ታለቅሳለች፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሐኪም ሁሉ ይጠይቃል፤ ከዚያ ያ ሁሉ ስም ይመጣል። እኛ ደግሞ ክፉ ነገር ፊት ለፊት መናገር አይሆንልንም። ለሟች ቤተሰብ እንኳ ትንሽ አሞታል ብለን ነው መንገድ የምናስጀምረው። እኔም እንደዚያ ርኅራኄ አድርጌ ቆጠርኩት። ከመቶ እስከ መቶ ሃያ አምስት ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ጤነኛ ሆነ፤ ጭቅጭቁም ቆመ። ሐኪሞቹ ወረፋው ስለሚበዛባቸው የሚያዩት ኮከብ ያለበትን ብቻ ነበር። ማሽኑ ሁሉን ይይዛል ብዬ ደብተሬን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ማሽኑ እርግጥ ሁሉን ይዟል፤ ግን ማሽን መስኮት ላይ ቆሞ ሰው አይጠራም።

ጋሽ ሰይድ በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ይመጣሉ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ቁጥሩን አይመለከቱም፤ መነጽራቸውን አድርገው ኮከብ ነው የሚፈልጉት። መቶ ሦስት፣ ኮከብ የለም። መቶ ዘጠኝ፣ ኮከብ የለም። መቶ ዐሥራ አራት። መቶ ዐሥራ ስምንት። ቁጥሩ ሲወጣ አላየሁም ብል እዋሻለሁ፤ በየዓመቱ አይቻለሁ። መጀመሪያ ላይ በሚቀጥለው ዓመት እነግራቸዋለሁ እል ነበር። በኋላ ደግሞ አምና ያልነገርኩትን ዘንድሮ እንዴት አድርጌ ልናገር የሚል ኀፍረት መጣ። አንድ ዓመት ዝም ያለ ሰው ሁለተኛው ዓመት ይብስበታል።

በአምስተኛው ዓመት መቶ ሃያ አራት ወጣ። ወረቀቱን ይዤ ጥቂት ቆምኩ። ከኋላቸው ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር።

«ኮከብ የለውም አይደል፣ እህቴ?»

«የለውም፣ ጋሽ ሰይድ።»

አልሐምዱሊላህ ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሰማያዊ ጆግ ላኩልኝ። እስከዛሬ ውሃ የምቀዳው በእሱ ነው፤ ልጥለው ብዬ ሁለቴ ደረጃው ድረስ ይዤው ወጥቼ መልሼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። በአምስት ዓመት አንድ ኮከብ ያላየ ሰው ለምን ይመጣል? ሱቃቸው ያለበት ሕንፃ ለመንገድ ሲፈርስ ወደ ሳሊተ ምሕረት በኩል ሄዱ መባሉን ሰማሁ። ከገርጂ ሳሊተ ምሕረት ምን ያህል ነው? አንድ ሚኒባስ ተይዞ አንድ ሌላ መቀየር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ አልሄድኩም።

ከሽኝቴ ሦስት ቀን በፊት አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ረጅም ሰው ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ መጣ። ስሙን ስጽፍ ከድር ሰይድ አለኝ፤ ፊቱን ሳየው የባልዲው ሱቅ ትዝ አለኝ። አባቱን ጠየቅኩት። ዓይናቸው ጠፍቷል አለኝ። ብዥ ሲልባቸው መነጽር ነው የሚፈልጉት ተባለ፤ መነጽር ቀየሩ፤ በኋላ በአንዱ ዓይን ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ስኳሩ ከሦስት መቶ አልፎ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ የኖረ ነው ተባሉ። ሁለተኛው ዓይንም ተከተለ። አሁን የሚያዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

የከድርን ስኳር ልለካ መርፌ ሳነሣ ይቅርብኝ አለ። አሠሪዬ አልጠየቀኝም፣ ደግሞም የአባቴ ድንገት ነው የመጣው፣ በዘራችን የለም አለ። የአያትህስ አልኩት። እሱ ድሮ ነው፤ አባቴ በየዓመቱ እዚሁ ይመረመር ነበር፣ ንጹሕ ነበር፣ ወረቀቶቹ ቤት አሉ አለኝ። የእኔን ወረቀቶች አምኖ እጁን ሰበሰበ። መርፌውን መልሼ አስቀመጥኩ፤ ሄደ።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ከአያት ተነሥቼ ሳሊተ ምሕረት ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ለከድር ደውዬ እሱም እንዲኖር ለመንኩት። ጋሽ ሰይድ መስኮቱ አጠገብ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረው ተቀምጠዋል። ድምፄን ሲሰሙ የኮምቦልቻዋ እህቴ ብለው ለመነሣት ሞከሩ። እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ሻይ አቀረቡ፤ ለእሳቸው ያለ ስኳር፣ ለእኔ ለእንግዳዋ ከነስኳር ዕቃው። አልነካሁትም። ጋሽ ሰይድ ስለ ጡረታዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ሱቁ አወሩልኝ፤ ባልዲውን አሁን በቀለሙ ሳይሆን በጠርዙ ነው የምለየው ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ያው የድሮው ነበር፤ እሱ ይበልጥ ከበደኝ።

ወረቀቶቹ አሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ ዘሃራ ከቁም ሣጥኑ ላይ በላስቲክ የተጠቀለሉ አምስት ወረቀቶች አወረዱ። ጋሽ ሰይድ አንብቢልኝ አሉ። እኔ ኮከብ ብቻ ነበር የማየው፣ ቁጥሩን ሰምቼው አላውቅም አሉ። አነበብኩ። መቶ ሦስት፣ መቶ ዘጠኝ፣ መቶ ዐሥራ አራት፣ መቶ ዐሥራ ስምንት፣ መቶ ሃያ አራት። ነጋዴ ናቸውና ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ለመረዳት ሐኪም አላስፈለጋቸውም። ከድር በሩ አጠገብ ቆሞ ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። የጨርቅ ነጋዴዋን፣ ቴክኒሻኑን፣ መቶውን ወደ መቶ ሃያ አምስት ያስቀየርኩት እኔ መሆኔን፣ በየዓመቱም እያየሁ ዝም ማለቴን። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ይቅርታ ማስገደድ ነው ብዬ ነው። እትዬ ዘሃራ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ከመስኮቱ ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ለመሆኑ ያ ነገር ስም አለው?» አሉ።

አለው አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ቅድመ ስኳር፣ የጾም ስኳር መዛባት፣ ስኳር የመቋቋም አቅም መቀነስ፣ ድንበር ላይ፣ ጅማሮ። እያንዳንዱን እስክጨርስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ።

«ይህ ሁሉ ስም እያለው» አሉ፣ «አንዱን እንኳ አልነገርሽኝም።»

በሠላሳ ስድስት ዓመት ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር። ይቅር በሉኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ቦርሳዬን ስፈትሽ ያገኘሁት እርሳስ ብቻ ነበር።

«ይሆናል» አሉ። «ያን ጊዜ ያላደረግሽውን ኮከብ አሁን አድርጊበት። አምስቱም ላይ። ለእኔ አይደለም፤ ልጆቼ ይህን ወረቀት እያዩ ነው የማይመረመሩት።»

ወረቀቶቹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከመቶ ሦስቱ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ኮከብ በስሱ ሣልኩት፤ ጋሽ ሰይድ የእርሳሱን ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

«ጠበቅ አድርጊው» አሉኝ።

ጠበቅ አደረግኩት። አምስተኛውን፣ መቶ ሃያ አራቱን፣ ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ገልብጠው በአውራ ጣታቸው ጀርባውን ቀስ ብለው ዳሰሱት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን፣ እርሳሱ ያሳበጠው ቦታ ላይ እስኪደርሱ ድረስ።

«ይኸው፣ አገኘሁት» አሉና ወረቀቱን ከድር ወደቆመበት ዘረጉት።